አሥራ ሰባት እርምጃ ዋልካ

ስልኬ ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ። ስሙንም አገሩንም አላውቅም። ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ጓንት አጥልቆ ግቢውን ሲያሳምር ይታያል። የሚናገረውን በአማርኛ እየመለሰ ከሥር የሚጽፍ ሌላ ሰው ደግሞ አለ፤ ይኼኛው ከቃላት ሁሉ አብልጦ የሚወደው «ቀላል» የሚለውን ነው። ቀላል የድንጋይ መንገድ። ቀላል የሣር መደብ። ቀላል የአበባ ዳር። ሦስቱም በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያልቁ።

አንባቢ ሆይ፣ «ቀላል ነው» የሚለኝን ሰው ማመን መተው የነበረብኝ ገና በልጅነቴ፣ ክትባት ሊሰጠኝ የመጣው ሰውዬ «ቀላል ነው፤ እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው» ያለኝ ዕለት ነበር። የቢቸና ጉንዳን እንዴት እንደሚነክስ ያ ሰውዬ አያውቅም ነበር። ወይም ያውቅ ነበር።

ከቢቸና መጥቼ አቃቂ ከከተምኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቂሊንጦ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ስፌት እመረምራለሁ። ሥራዬ ጠማማ መፈለግ ነው፤ ክሩ የሾለከውን፣ ኮሌታው የተንጋደደውን፣ ቁልፉ ከቀዳዳው ጋር የተኳረፈውን እየለየሁ ወደ መጣበት እመልሳለሁ። ይህ ሥራ ለእንጀራ ይበጃል፤ ለጠባይ ግን አይበጅም። ሰው ሰላም ሲለኝ ከፊቱ በፊት ኮሌታውን አያለሁ። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኔ የዲያቆኑ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ተሰፍቶ የቀረበት ጊዜ አለ። ይህን ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሰንበት ስናዘዝ «ጠርዙ ተበላሽቶ ነበር?» አሉኝ። ተበላሽቶ ነበር።

የምኖረው አቃቂ በሰቃ፣ ጋሽ ደቻሳ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ደቻሳ ከባቡር ጡረታ የወጡ አከራዬ ናቸው፤ እሳቸው ፊተኛው ቤት፣ እኔ ኋለኛው። ከውጭው በር እስከ እኔ ደጃፍ አሥራ ሰባት እርምጃ ነው። በበጋ ማለቴ ነው። በክረምት አንዱ እግር ሲነቀል ሌላው ስለሚቀር ለመቁጠር አይመችም። አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ያንን ሁሉ አፍ ይዘጋና የረገጠውን እግር አልለቅም ይላል። ቢቸናም ዋልካ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ዕቃዬን ሸክፌ፣ ዘመድ ተሰናብቼ፣ አባይን ተሻግሬ መጥቼ ያረፍኩት እዚያው አፈር ላይ ነው። ሰው አገሩን ይለቃል እንጂ ጭቃው አይለቀውም።

ጭቃው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቦት ጫማ አድርጌ ዝም እል ነበር። ነገሩ የማኅበር ነው። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ የምንጠጣው ጽዋ አለን። አሥራ ሁለት አባላት ነን፤ አባ ወልደ ሰንበት ይባርኩልናል። በየተራ አንዱ ቤት ይደገሳል፤ በዕለቱ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ጽዋውን ይዞ ባለተራው ቤት ይመጣል። የማኅበሩ አለቃ «ሙሴ» ይባላል፤ ሴትም ብትሆን ሙሴ ነው። የእኛ ሙሴ እማማ ዘነበች ናቸው።

ማኅበር ከገባሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። አዲስ ገብ ለሦስት ዓመት ተራ አይሰጠውም፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተራዬ ደረሰ፤ ሁለቱም በክረምት። ሁለቱንም ጊዜ እማማ ዘነበች «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ምን አስቸገረሽ፤ ጭቃውም አለ፣ አባም እግራቸውን ያማቸዋል» ብለው ተራዬን ለሌላ ሰጡት። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ድግስ እየበሉ አንድ ቀን አለማብላት ምን እንደሚመስል የበላ ያውቀዋል። ጉርሻው እንኳ ሲመጣ «ለእንግዳዋ ስጧት» እየተባለ ይመጣል። እኔም ነገሩን እንደ ሸሚዝ ገለባብጬ አየሁትና ጉድለቱን አገኘሁት፤ በእኔና በማኅበሩ መካከል ያለው አሥራ ሰባት እርምጃ ዋልካ ነው።

ዘንድሮ ተራዬ ለሰኔ አሥራ ሁለት ወጣ። ሚያዝያ ላይ እማማ ዘነበችን ለብቻቸው ይዤ፣ ግቢውን እንደማሠራው፣ አባም ጫማቸው ሳይነካ እንደሚገቡ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «እናያለን። መንገዱ ካልሆነ እኔ ጋ ይዞራል» አሉ። በአማርኛ «እናያለን» ማለት አይሆንም ማለት ነው፤ ከነትሕትናው።

ስለዚህ ወደ ሰውዬው ሄድኩ። ወደ ስልኬ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የጋሽ ደቻሳን ፈቃድ ጠየቅሁ። በረንዳቸው ላይ ካለችው ወንበር ሳይነሡ ጎመናቸውን እስካልነካሁ ድረስ ግቢው የእኔ መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያም የማሠራው በማን እንደሆነ ጠየቁ። ራሴ እንደምሠራው፣ ከስልኬ እንደተማርኩ አስረዳኋቸው። ስልኩን ተቀብለው ሰውዬውን ለረጅም ጊዜ አዩትና ያለ አንዳች ቃል መለሱልኝ። ያ ዝምታ ምን እንደነበር የገባኝ ከአንድ ወር በኋላ ነው።

ድንጋዩን ያገኘሁት እዚያው በሰቃ፣ የመስኮት ደፍና ደረጃ የሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ ነው። የተረፈ እብነ በረድ ጓሯቸው ውስጥ ተቆልሏል። ባለቤቱ የፈለግሁትን እንድወስድ ፈቀደልኝ፤ ለማን እንደፈቀደ ግን አላወቀም። ከፋብሪካው የአንድ ቀን ፈቃድ ለምኜ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት እያነሣሁ፣ እየመታሁ፣ በፀሐይ እያየሁ ጠርዙ የተፈረፈረውን፣ መሐሉ ሥር ያለውን፣ ቀለሙ ከጎረቤቱ የማይስማማውን ወደ ክምሩ መለስኩ። ቆራጩ መጋዙን አጥፍቶ መጣና «እህቴ፣ ባል እንኳ እንዲህ አይመረጥም» አለኝ። ባል እንዲህ በመምረጤ ነው ድንጋይ ለመምረጥ ጊዜ ያገኘሁት፤ ይህን ግን አልነገርኩትም። ሠላሳ አራት ድንጋይ ለቅሜ በአህያ ጋሪ አስጫንኩ፤ ለግራ እግር አሥራ ሰባት፣ ለቀኝ እግር አሥራ ሰባት፤ ሰው በየትኛው እግሩ ቢጀምር እንዳይስት።

እዚህ ላይ ነው ሰውዬው ያልነገረኝ ነገር ብቅ ያለው። ሥራው «በአንድ ቅዳሜና እሑድ» ያልቃል። መልካም። ግን ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፤ በሰንበት መሬት አይቆፈርም። እሺ፣ ሌላ ቀን። በአንድ ልደታ ናት፣ በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የወሩ ክፍል ደግሞ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መድኃኔ ዓለም፣ አማኑኤልና በዓለ ወልድ ተካፍለውታል። አቃቂ ያሉ ሰዎች ሦስቱን ወይም አራቱን ያከብራሉ። እኔ ያደግሁት ሁሉም በሚከበርበት አገር ነው። ፋብሪካው ታቦት ስለማያውቅ በበዓልም ስፌት እመረምራለሁ፤ ግን ስፌት ማየት መሬት መቆፈር አይደለም። ዶማ ሌላ ነው። በቀሩት ቀኖች ሰርቪሱ የሚያደርሰኝ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፤ ፀሐይ የምትገባው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። ባደላው ወር አሥራ ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት። ሰውዬው እኔ አገር ቢወለድ ኖሮ እስካሁን ባርኔጣውን እየደፋ ነበር።

አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄጄ በበዓል ቀን ድንጋይ ማስቀመጥ እንደ መቆፈር ይቆጠር እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ስንት ድንጋይ?» አሉ።

«ሠላሳ አራት።»

«ከባድ ናቸው?»

«ናቸው፣ አባ።»

አሰቡ። ላብ ካስወጣ ሥራ መሆኑን፣ ላብ ካላስወጣ ግን አከራካሪ መሆኑን ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ሳልሠራም እንደሚያልበኝ ነገርኳቸው። ለምን ሠራተኛ እንደማልቀጥር ጠየቁኝ። በበዓል ቀን ሠራተኛ ባሠራ ኃጢአቱ የማን እንደሚሆን መልሼ ጠየቅኋቸው። አባ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን ባረኩና በሰላም እንድሄድ ነገሩኝ። ከቤታቸው እስክወጣ ድረስ መስቀሉን ወደ ኪሳቸው አልመለሱትም።

ራሴ ፈረድኩ። በበዓል ቀን አልቆፍርም፣ አላነሣም፤ መለካት ግን ይቻላል። እናም ለካሁ። በልደታ ለካሁ፣ በአቦ ለካሁ፣ በሥላሴ መልሼ ለካሁ። ሲባጎ ከበር እስከ በር ወጥሬ በውሃ ልክ አየሁ። በዓለም ላይ ከዚህ በላይ የተለካ አሥራ ሰባት እርምጃ አይኖርም። ሲባጎውን የገዛሁት መንገድ ዳር ካለው ከከድር ሱቅ ነው። ከድር ስልጤ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ በዓላቶቼን ግን ከእኔ አጥብቆ ያውቃል፤ በየትኛው ቀን ጧፍ፣ በየትኛው ዘይት እንደሚሸጥ ስለሚያውቅ። ሁለተኛ ጥቅል ልገዛ ስሄድ «እትዬ፣ ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ሲባጎው እዚህ ይደር» አለኝ። አደረ።

የሣሩን መደብ አስቀድሜ ነበር የሠራሁት፤ ቀላሉ እሱ ነበር። ሰርዶ ከወንዝ ዳር አምጥቼ በሁለቱም ጎን ተከልኩ። ጋሽ ደቻሳ ሦስት ዶሮዎች አሏቸው። ዶሮ ሰንበት አያውቅም። የለሰለሰ አፈር ያገኙት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መሰለኝ፣ እኔ ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ሣሬን ከሥሩ ገለበጡት። በእኔ መደብ ላይ፣ በእሑድ፣ መሬት ተቆፈረ። ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ለብዙ ጊዜ አሰብኩበትና የዶሮዎቹ ባለቤት የጋሽ ደቻሳ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። አበባውን ራሴ ተውኩት። ቀላል ነገር ሦስት ከሚሆን አንድ ይበቃል።

መንገዱ ቀረ። ግንቦት አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ቆፈርኩ። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነበር። በሃያ፣ ዓርብ ዕለት፣ ቆፍሬ ጨረስኩ። ሠላሳ አራት ጉድጓድ፣ በሁለት ረድፍ፣ እንደ ጥሩ ስፌት የተካከለ። ጋሽ ደቻሳ ወንበራቸው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ገበጣ ልንጫወት ነው?» አሉኝ። ሃያ አንድ ማርያም ናት። ሃያ ሁለት እሑድ። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ አራት ተክለ ሃይማኖት። በማርያም ዕለት ከሰዓት ዝናቡ መጣ።

አራት ቀን ሙሉ ጉድጓዶቹን መስኮት ላይ ቆሜ አየኋቸው። ሞሉ። ሰማዩ ሠላሳ አራት ቦታ ተቆርጦ ግቢዬ ውስጥ ተኛ። በሦስተኛው ቀን እንቁራሪት ገባ። የጋሽ ደቻሳ ዶሮዎች በየጉድጓዱ እየዞሩ ውሃ ጠጡ፤ በዚያ ሳምንት በግቢው ውስጥ የተጠቀሙት እነሱ ብቻ ናቸው። እኔም ጣሳ ይዞ ውሃ መቅዳት እንደ መቆፈር ይቆጠር ይሆን ብዬ አሰብኩና አባን ድጋሚ ላለማስቸገር ተውኩት።

በሃያ አምስት ውሃውን ጨልፌ፣ በሃያ ስድስት ድንጋዮቹን አስቀመጥኩ። ሲያዩአቸው ደስ ይሉ ነበር። ለሦስት ቀን ደስ አሉ። ከመድኃኔ ዓለም እስከ በዓለ ወልድ ያለውን ጊዜ አክብሬ፣ በሠላሳ ከሥራ ስመለስ የመጀመሪያውን ድንጋይ ረገጥኩ። ድንጋዩ በአንዱ ጎን ገባ፣ በሌላው ጎን ተነሣ፣ ከሥሩም ዋልካውን እስከ ጉልበቴ ተፋብኝ። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛውን አልሞከርኩም።

ጋሽ ደቻሳ ከወንበራቸው ተነሡ። በአንድ ወር ውስጥ ሲነሡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ልጄ፣ ሐዲድ አፈር ላይ ተኝቶ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም፣ ጋሼ።»

«ከሥሩ ጠጠር አለ። ጠጠር የሌለው ሐዲድ ባቡሩን ይዞ ይተኛል።»

ለምን ቀድመው እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው።

«ስልክሽን ስትጠይቂ ነበር» አሉ። «ላቋርጥሽ አልወደድኩም።»

ሰኔ ገብቷል። አሥራ አንድ ቀን ቀርቶኛል፤ ከዚያ ውስጥ በዓላቱ ሲነሡ የሚተርፈውን እናንተም አሁን ልታሰሉት ትችላላችሁ። በዚያ ሰሞን ከቅዳሴ ስንወጣ እማማ ዘነበች «መንገድሽ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ደረሰ አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ከፊሉ ወደ መሬት ውስጥ ደርሶ ነበር። እሳቸውም ለማንኛውም ብለው ምስሩን ቤታቸው እያስለቀሙ መሆኑን ነገሩኝ። የራሴ ምስር ተለቅሞ፣ ጠላዬ ተጠምቆ ተቀምጧል። ይህን በሰማሁ ማግስት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ቦታዬ አንድ ጠማማ ኮሌታ አሳለፍኩ።

ከድር ገረጋንቲ የሚያመላልስ ዘመድ አለው። ከድር የሌለው ዓይነት ዘመድ የለም። ሰኔ በሁለት ቀይ ጠጠሩ በጋሪ መጣ፤ በሁለት፣ በሦስትና በአራት ሠላሳ አራቱን ድንጋይ መልሼ አወጣሁ፣ ጉድጓዶቹን አሰፋሁ፣ ጠጠር ሞላሁ፣ ጋሽ ደቻሳ እንዳዘዙኝ በእንጨት ቀጠቀጥኩ። አቦን፣ ሰንበትን፣ ሥላሴን ዐረፍኩ። በስምንት፣ በዘጠኝና በአሥር ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በውሃ ልክ እያየሁ መልሼ አስተኛሁ። ጋሽ ደቻሳ ሁሉንም በከዘራቸው መቱ፤ አንዱም አልተነቃነቀ። «ባቡር ይሂድበት» አሉ። ሰውዬው ስልኬ ውስጥ ሆኖ ስለ ጠጠር አንድም ቃል እንዳልተናገረ ልብ በሉልኝ።

በአሥራ አንድ፣ በዋዜማው፣ አንዲት ስሕተት ሠራሁ። ድንጋዮቹ ላይ የቀረውን ጭቃ ለማስለቀቅ ብዬ በሳሙና አጠብኳቸው። ታጥበው ሲታዩ የአንዱ ንጣት ከሌላው አልተካከለም። በበረኪና ደገምኩ። ከዚያ በጨርቅ ወለወልኩ። ከድር ሊያይ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «እትዬ፣ ይሄ መንገድ ነው ወይስ ትሪ?» አለኝ። ምስጋና መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት አባራ። ሰኔ አሥራ ሁለት ቅዳሜ ዋለ፤ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስጃለሁ። ግቢው እንዳለ ጥቁር ዋልካ ሆኗል፤ በመሐሉ ሠላሳ አራት ነጭ ድንጋይ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ። የጾሙ ወጥ ተሠርቷል፤ ወለሉ ታጥቦ ደርቋል። ነጠላዬን ለብሼ ደጃፌ ላይ ቆምኩ። ከውጭ ዝማሬው ቀረበ፤ የውጭው በር ተከፈተ፤ እማማ ዘነበች ከፊት፣ ጽዋውን የያዘችው ሴት ከኋላቸው፣ የቀሩት ተከትለው፣ አባ ወልደ ሰንበት መጨረሻ ላይ። ጫማቸው ሁሉ ከውጭው መንገድ ባመጣው ጭቃ ከብዷል። በሩ ላይ ቆሙ። ድንጋዮቹን አዩ። የራሳቸውን እግር አዩ። መልሰው ድንጋዮቹን አዩ።

«ይህን በመሰለ ነገር ላይ በዚህ እግራችን?» አሉ እማማ ዘነበች። «በዳር በዳር እንሂድላት።»

ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ዋልካው ገቡ። ሌሎቹም ተከተሉ።

በድንጋዩ ላይ እንዲመጡ ለመንኳቸው። ልፋቴን አናበላሽም አሉ። ለመበላሸት የተሠራ መሆኑን ነገርኳቸው። «ኧረ እንዴት ተደርጎ» አሉ። የአገራችሁን ሕግ ታውቃላችሁ፤ አንድ ሰው ቢረግጥ ሁሉም ይረግጣል፤ የመጀመሪያው ለመሆን ግን የሚደፍር የለም። በሦስተኛው ልመና ላይ የሚሠራ አንድ ቃል አለ፤ «በሞቴ» ነው። «በሞቴ» ብል ኖሮ በጭቃ እግራቸው ይጨፍሩበት ነበር። ግን በከንቱ እንዳልምል የንስሐ አባቴ በግዝት ከልክለውኛል፤ እሳቸው ደግሞ እዚያው፣ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ዋልካ ውስጥ ቆመው ያዩኛል።

በተግባር ላሳያቸው ብዬ ወጣሁ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ አንዱም ድንጋይ አልተነቃነቀም። አሥራ ሰባት እርምጃ በንጹሕ ጫማ ሄጄ የውጭው በር ላይ ደረስኩ፤ ዘወር ስል እነሱ ጭቃውን ቀዝፈው እኔ ደጃፍ ላይ ደርሰዋል። በዚያ ቀን መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄድኩበት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ከቤቴ ወደ ውጭ።

አባ ብቻ መሐል ላይ ቀሩ። ዋልካው አንድ ጫማቸውን ወስዶባቸዋል። ባዶውን እግራቸውን ከድንጋዩ ላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው፣ ላለማሳረፍ እየታገሉ፣ እንደ ሽመላ በአንድ እግር ቆመዋል። ጋሽ ደቻሳ ዶማ ይዘው መጡና ቀኑ ሚካኤልም ሰንበትም መሆኑን አስታውሰው «ልቆፍር ወይስ ይቅር?» ብለው ጠየቁ። አባ፣ በሰንበት ጉድጓድ የወደቀ በግ ይወጣል መባሉን አስረዱ።

«ጫማና በግ አንድ ነው እንዴ አባ?»

«ቆዳው የበግ ነው» አሉ አባ።

ጫማው ወጣ።

እኔ ተመልሼ ደጃፌ ስደርስ ማንም ወደ ቤት አልገባም። አሥራ አንድ ማኅበርተኛ ከእነ ጽዋው ውጭ ቆሟል። ከአሁን ቀደም ድንጋዩን ያዩበት ዓይን አሁን ወለሌ ላይ አርፏል። ወለሉ ይብስ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት። እማማ ዘነበች ወደ ውስጥ አየት አደረጉ፣ እግራቸውን አዩ፣ ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«ይህን ቤት በዚህ እግር መግባት ነውር ነው» አሉ። «እኔ ጋ እንሂድ። ምስሩም ተሠርቷል።»

አንዱ ሰው መዞር ጀመረ። ጽዋውን የያዘችውም ሴት ዞረች።

ሰባት ሳምንት የደከምኩት ይህችን ቃል ላለመስማት ነበር፤ ያሰማችኝም ንጽሕናዬ ናት። ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። አላሰብኩም መሰለኝ። ገብቼ ትልቁን ሳፋ አወጣሁ፣ ከበርሜሉ ሞላሁ፣ በርጩማ ደፉ አጠገብ አስቀመጥኩ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ዋልካው ላይ ተንበረከክሁ።

«ይቀመጡ፣ እማማ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እግርዎን።»

ይኼኔ ቀልድ የለም፤ እግር ላጥብ ያለ ሰው እንቢ አይባልም። ልፋትን ማክበር ይሉኝታ ነው፤ ይህ ግን ከይሉኝታ የሚበልጥ ነገር ነው፤ እንቢ ቢሉ አባ ወልደ ሰንበት አንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው የጸሎተ ሐሙስን የእግር ማጠብ ወንጌል ሊያነቡባቸው ይችላሉ። እማማ ዘነበች ተቀመጡ። ግራ እግራቸውን ሰጡኝ። ዋልካው በሦስት ውሃ ለቀቀ። ተረከዛቸው ላይ የቢቸናን መሬት የሚመስል ስንጥቅ አለ፤ ጣት ያስገባል።

ከላይ ሆነው ጠየቁኝ፤ «ሁለት ዓመት ያለፍንሽ ጭቃው አስፈርቶን መሰለሽ?»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«ብቻሽን ነሽ። እናት የለሽ፣ እህት የለሽ። ማን አብስሎ፣ ማን አስተናግዶላት ብለን ነው እንጂ ጭቃማ የማን ግቢ የለም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ያሳፍራል።»

ግራውን አድርቄ ቀኙን ጠየቅሁ፤ ሰጡኝ። ከኋላቸው የዞሩት ሰዎች መልሰው ዞረው ተሰልፈዋል። ጫማቸውን አውልቀው በየድንጋዩ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው አስቀምጠዋል፤ ንጹሕ ቦታ ነው ብለው። ከድር ወሬው ደርሶት ሳሙና ይዞ በር ላይ ቆሟል። አባ ጣልቃ ገብተው ጽዋው መጀመሪያ ይግባ አሉና ጽዋው ገባ።

እማማ ዘነበች የታጠበ እግራቸውን ወለሌ ላይ አሳርፈው፣ ቀሚሳቸውን አውርደው፣ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡ።

«ሐምሌ የእኔ ተራ ነው» አሉ። «ዋዜማውን ከሰርቪስ ስትወርጂ ቀጥታ እኔ ጋ ነይ። ሽንኩርቱን አንቺ ትከትፊያለሽ። ቢላ ይዘሽ ነይ፤ የእኔዎቹ ዶልዱመዋል።»

እሺ አልኩና የሚቀጥለውን እግር ተቀበልኩ።